ጭቃው ፊት ሁሉም ይወርዳል

የአባቴ የጭነት መኪና ቁልፍ ዛሬም ቦርሳዬ ውስጥ አለ። መኪናው ተቆራርጦ ለብረት ከተሸጠ ቆየ፤ ቁልፉን ግን ለማንም አልሰጥም። ባየሁት ቁጥር የናፍጣና የረጠበ ጆንያ ሽታ አፍንጫዬ ላይ ይመጣል።

ልጅ እያለሁ፣ በደርግ ጊዜ፣ ከቆቦ ወደ ዋጃ የሚወስደው መንገድ ጠጠር ነበር። ክረምት ላይ ከተራራው የሚወርደው ጎርፍ ደለሉን ያነጥፍበትና፣ ሲያዩት የጠጠረ የሚመስል፣ ሲረግጡት ግን ቅቤ የተቀባ መንገድ ይሆናል። አባቴ ሾፌር እንድሪስ አንዲት ሕግ ነበረችው። ጭቃው ፊት ሲደርስ ያቆማል፤ ጭነቱ ላይ የተሳፈረውም፣ ጋቢና የተቀመጠውም ወርዶ በእግሩ ይሻገራል፤ እሱ ብቻውን ነድቶ ያልፋል። ሼህ አይል፣ ቄስ አይል፣ የገዛ ልጁን እኔንም ያወርደኛል። ሰው ሲያጉረመርምበት "ማሽላ ቢፈስ ይለቀማል፤ ሰው አይለቀምም" ይላል።

አንድ ሐምሌ ጋቢና ውስጥ ከእኛ ጋር አንድ ካድሬ ተሳፈረ። ሽጉጥ ታጥቋል፣ ጫማው ያብረቀርቃል፣ አላማጣ ስብሰባ አለበት። ጭቃው ፊት ስንደርስ አባቴ እንደ ልማዱ "ውረዱ" አለ። ገበሬዎቹ ከጭነቱ ላይ ወረዱ፤ እኔም ወረድኩ። ካድሬው ግን ንቅንቅ አላለም።

"ንዳ እንጂ! ስብሰባ ይጠብቀኛል።"

"ይውረዱ፣ ጓድ።"

"ማንን እንደምታዝ ታውቃለህ? መንጃ ፈቃድህን ነው የማስነጥቅህ!"

ያቺ ወረቀት የስድስት ልጆች ጉሮሮ ናት። አባቴ ሞተሩን አጠፋና ቁልፉን ነቅሎ ኪሱ ከተተ። መንገድ ዳር ካለ ድንጋይ ላይ ቁጭ ብሎም "ወላሂ፣ ሰው ጭኜ እዚህ ጭቃ ውስጥ አልገባም" አለ።

ካድሬው ሽጉጡን ነካ ነካ አደረገ። ከተሳፋሪዎቹ አንዲት ባልቴት ግን "አንተ ልጅ፣ ለጫማህ ነው የምትሳሳው?" አለችው። ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። ካድሬው ከንፈሩን ነክሶ ወረደና ያን ጫማ ጭቃው ዋጠው። እሰይ! አልኩ በሆዴ።

አባቴ "ቢስሚላህ" ብሎ በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ገባ። መሃል ላይ ሲደርስ የመኪናው ኋላ በስተግራ ወዳለው የጎርፍ ቦይ ሸሸ። ካድሬው "ፍሬን! ፍሬን ያዝ!" ብሎ ጮኸ። ፍሬን ቢይዝ ኖሮ አልቆለት ነበር። አባቴ ግን፣ በኋላ እንዳስተማረኝ፣ እግሩን ከነዳጁ ላይ አነሳና መሪውን ኋላው ወደሸሸበት ወደ ግራ ሰጠው። መኪናው ተንገዳገደ፤ ሦስት ጆንያ ከላይ ተወርውሮ ጎርፉ ይዞት ሄደ። ከዚያ መኪናው ተቃናና ወጣ። ባልቴቷ እነዚያ ጆንያዎች ላይ ነበር ተቀምጣ የመጣችው። አፏን በነጠላዋ ይዛ ቀረች።

ካድሬው ምስጋና ብሎ ነገር አያውቅም፤ ዛቻውን ግን አልረሳም። በሳምንቱ የአባቴ መንጃ ፈቃድ ተነጠቀ። አባቴ ሁለት ዓመት ሙሉ ገበያ ላይ የሰው ጆንያ ተሸከመ። እናቴ "ያን ዕለት ብቻ ብታልፈው ምን ነበረበት?" ስትለው "ለሱ ብዬ ሕጌን ካጠፍኩ፣ ነገ ያችን ባልቴት በምን አፌ ውረጂ እላታለሁ?" አላት። ትከሻው ሲላላጥ አይቻለሁ። ሲጸጸት ግን አንድም ቀን አላየሁም።

ዛሬ መንገዱ አስፋልት ነው፤ ደለሉ ግን ያው ነው። እኔም የሰው ሚኒባስ እነዳለሁ። ሴት ሾፌር ብሎ የሚገላምጠኝ ካለ ይገላምጠኝ! ባለፈው ክረምት እዚያው ቦታ ጎርፉ ጭቃውን አንጥፎ ጠበቀኝ። አቆምኩና "ውረዱ" አልኩ። ሁሉም እያጉረመረመ ወረደ፤ አንድ ሙሉ ልብስ የለበሰ ሰውዬ ብቻ ቀረ።

"ዘመኑ የት ደርሷል፣ አንቺ ገና ጭቃ ትፈሪያለሽ? ለባለቤቱ ደውዬ ዛሬውኑ ነው የማስባርርሽ!"

ሞተሩን አጠፋሁ። ቁልፉን ነቅዬ ቦርሳዬ ውስጥ ከአባቴ ቁልፍ ጎን ከተትኩ፤ ወርጄም ድንጋይ ላይ ቁጭ አልኩ።

"ደውል" አልኩት።