«መዝግበኝ» የሚለው ቁልፍ

ከባለቤቴ ጋር ለመጨረሻ ጊዜ አብረን ያደረግነው ነገር ሉማሜ ከተማ አንድ ሻይ ቤት ቁጭ ብለን አንድ ሽማግሌ ገበሬ ስልክ ሲነኩ ማየት ነበር። ባለቤቴ ገበሬዎች ለምርጥ ዘር የሚመዘገቡበትን ድረ ገጽ ለአንድ ማኅበር እየሠራ ነበር። ኮዱን የሚጽፈው እሱ ነው፤ እኔ የአማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ ቃላቱን እመርጥለታለሁ። ቁልፉ ላይ «መዝግበኝ» ያልኩት እኔ ነኝ።

ሽማግሌው አውራ ጣታቸውን ቁልፉ ላይ ተጭነው አላነሱም። ምዝገባው ቀርቶ ጽሑፍ ለመቅዳት የሚወጣው «ቅዳ» የሚል ሳጥን ብቅ አለ።

«አባባ፣ ነካ አድርገው ይልቀቁት» አላቸው ባለቤቴ።

«ለምን እለቀዋለሁ? ቀበሌ በጣቴ ስፈርም ቀለሙ እስኪይዝ ነው የምጫነው። ያንተ ወረቀት ነው ቀለም የማይዘው።»

ሰው ሁሉ ሳቀ። ከእሳቸው በኋላ የሞከሩት ሦስት ሰዎችም እንደዚያው ተጭነው ቀሩ።

ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ ባለቤቴ «ይለምዱታል» አለኝ።

«እነሱ ለምን ይልመዱ? ቁልፉ ይልመድ።»

«እሺ፣ ሰኞ አስተካክለዋለሁ» አለ። እሑድ ጠዋት ልቡ ቆመ።

ሐዘኑ ላይ ከማኅበሩ የመጡት ሰው ካጽናኑኝ በኋላ፣ ገጹ ስላልሠራ ዘግተው ወደ ወረቀት እንደሚመለሱ ነገሩኝ። ወረቀት ማለት ገበሬው ሥራ ፈትቶ በእግሩ መጥቶ ሲሰለፍ መዋል ነው። «እስከ ፋሲካ ጠብቁኝ» አልኳቸው። ምን እንደማደርግ ግን አላውቅም ነበር።

የባለቤቴ ታላቅ ወንድም ኮምፒውተሩን ሊወስድ መጣ።

«ለሚያውቅበት ሰው ይሰጥ፣ እህቴ። አርባው ሳይወጣ ኮምፒውተር ላይ ተጎለተች ይሉሻል።»

«ይበሉኝ፣ ጋሼ። እኔ ከዚህ አልነሳም።»

የባለቤቴን ደብተሮች እያነበብኩ፣ አንዱን መስመር አሥር ጊዜ እያበላሸሁ ተማርኩ። ገጹ ጣት ሲያርፍ፣ ሲንሸራተትና ሲነሳ ለየብቻ ይሰማል፤ የትኛውን ሲሰማ ምን እንደሚያደርግ የሚነግረው የሚጽፈው ሰው ነው። እኔም ጣት ገና ሲያርፍ መዝግብ አልኩት። ጋሼ በሌላ ቀን ለዚያው ጉዳይ ሲመጣ ገጹን እንዲሞክር ስልኬን ሰጠሁት። ለማንበብ ወደ ላይ ሲገፋ ጣቱ ቁልፉ ላይ አረፈ።

«ተመዝግበዋል ይለኛል» አለ ግራ ገብቶት። «መሬት እንኳ የለኝም እኮ።»

ከቀብሩ ወዲህ ያን ቀን ነው የሳቅሁት። ጋሼም ሳቀ፤ ኮምፒውተሩን ሳያነሳ ሄደ።

ስህተቴ ገባኝ። ጣቱ ከተንሸራተተ እንዲተወው፣ ካልተንሸራተተ ግን የፈለገውን ያህል ቢቆይ እንዲጠብቀውና ሲነሳ እንዲመዘግብ አደረግሁ። «ቅዳ» የሚለውንም ሳጥን እንዳይወጣ ከለከልኩት።

ከፋሲካ በፊት፣ በገበያ ቀን፣ በጥቁር ልብሴ ሉማሜ ወረድኩ። ሽማግሌው እዚያው ሻይ ቤት ነበሩ። ስለ ባለቤቴ ነፍስ ይማር ብለው፣ ስማቸውን ሞልቼ የሰጠኋቸውን ስልክ ተቀበሉኝ። አውራ ጣታቸውን ተጫኑ። አልቸኮሉም። ሲያነሱት ስማቸው ከተመዘገቡት ጋር ወጣ።

«ያዘ» አሉ።

ማኅበሩ ገጹን አልዘጋውም። አሁን ጠዋት አስተምራለሁ፤ ከሰዓት በባለቤቴ ወንበር ተቀምጬ ኮድ እጽፋለሁ።