የትኛው አጽብሐ?

በቀይ ሽብር ዘመን፣ ከራስ መኮንን ድልድይ በላይ ባለ እስር ቤት በር ላይ አንዲት ሴት የባሏን የልብስ መለኪያ ሜትር አንገቷ ላይ ጥላ ስንቅ ታቀብላለች። ልብስ ሰፊው ባሏ፣ አንድ ስመ ጥር ዳኛና አንድ ዝነኛ ኳስ ተጫዋች ታስረዋል፤ የሦስቱም ስም አጽብሐ ነው።

ዛሬ ዘበኛው «ለአጽብሐ ከእንግዲህ ስንቅ አያስፈልግም» አለ። ሦስቱም ሚስቶች የዚህን ትርጉም ያውቃሉ። ሁለቱ ነጠላቸውን ሊያዘቀዝቁ ሲሉ የልብስ ሰፊው ሚስት እጃቸውን ያዘቻቸው።

«የትኛው አጽብሐ? ይህን አስገባና የበላበትን ሰሃን በጨርቁ አስቋጥረህ መልስልኝ፣ ልጄ። የባሌን አቋጣጠር አውቀዋለሁ» ብላ ደጁ ላይ ተቀመጠች። ቢገፈትራትም አልተነሳችም።

ማምሻውን ባዶ ሰሃን ወጣላት፤ ጨርቁን የቋጠረው ባሏ ነው። እልል አላለችም፣ ወደ ቤቷም አልሄደችም። ሁለቱን ሚስቶች ግራና ቀኝ አስቀምጣ ዘበኛውን «አሁን ደግሞ የነሱን አምጣ» አለችው።