ያልተቀመሰው የሱፍ ፍትፍት

ዛሬ ከሰዓት ሱፍ ስወቅጥ ሽታው ከሙቀጫው ወጥቶ ፊቴ ላይ ተቀመጠ። የታመሰ ሱፍ ሽታውን ታውቁታላችሁ፤ ቅባት ያለው፣ ፀሐይ የመታው ገለባ ዓይነት። ዘነዘናውን አስደግፌ ቁጭ አልኩ። ዘንድሮም ረመዳንና ሁዳዴ ገጥመዋል። በወጣትነታችንም እንዲሁ ገጥመው ነበር፤ ያኔ ኮምቦልቻ ነበርኩ።

ሦስት ሆነን አንዲት የቆርቆሮ ቤት ተከራይተን፣ ፋብሪካ ክር እንቀጥል ነበር። አንዷ ከቢስቲማ፣ አንዷ ከደሴ ሆጤ፣ እኔም እዚያው ደሴ የቧንቧ ውሃ ሰፈር ልጅ። በአገራችን ስም ነበር የምንጠራራው፤ ቢስቲማ፣ ሆጤ፣ ቧንቧ። ሆጤ ክርስቲያን ናት፣ እኔና ቢስቲማ ሙስሊም። ሥጋ የገዛን ቀን ድስታችን ሁለት፣ ትሪያችንም ሁለት ይሆናል። በዚያ ጾም ግን እሷ ሥጋ አትበላ፣ እኛም ለእሷ ብለን ተውነውና ማዕዳችን አንድ ሆነ። ሆጤ ዘጠኝ ሰዓት ላይ መብላት ስትችል አዛን እስኪል ትጠብቀናለች። «ብቻዬን ከምጠግብ አብሬያችሁ ልራብ» ትላለች።

ቢስቲማ ልትሄድ ነው። ደላላ አግኝታለች፤ በማግስቱ ሰኞ ከባቲ ገበያተኛ ጋር ተቀላቅላ ትወጣለች፣ ከዚያ ጅቡቲ፣ ከዚያ በጀልባ ባሕሩን ተሻግራ ዐረብ አገር። የምትወደውን የሱፍ ፍትፍት ልሠራላት የተነሣሁት ማዕድ ላይ ለምኜ ላስቀራት ብዬ ነው።

ሱፉን ወቀጥኩ፣ በውሃ በጠበጥኩ፣ በነጠላ ጨርቅ አጠለልኩ። ጨው ጣል አደረግሁና ለዐስር ሶላት ተነሣሁ። ቢስቲማ ከፋብሪካ ገብታ፣ ማንንም ሳትጠይቅ ጨው ጨመረች። ሆጤም ቃሪያና ሽንኩርቱን ከትፋ ስታበቃ ጨመረች። ሁለታችን ጾመኛ፣ ሆጤም እሑድ እንኳ ቢሆን ከእኛ ቀድማ አትቀምስ፤ ማን ይቅመሰው?

አዛን አለ። በቴምር አፈጠርን፤ ሆጤም አማትባ ቴምሯን ወሰደች። ጣራው የቀኑን ሙቀት ሲለቅ ጧ፣ ጧ ይላል። መጀመሪያ የጎረሰችው ቢስቲማ ፊቷን አጨማደደች።

«ማናችሁ ጨው ያደረጋችሁት?»

«እኔ» አልኩ።

«ኧረ እኔም» አለች ሆጤ።

ቢስቲማ በሳቅ ፈረሰች። «እኔም አድርጌያለሁ እኮ። ወላሂ፣ ገና ጅቡቲ ሳልደርስ ባሕሩን አጠጣችሁኝ።»

ውሃ እየጠጣን፣ እየተሳሳቅን በላነው። ሳቁ በረድ ሲል ጀመርኩ። «አልሄድም በይ፣ በአላህ።»

«ቀርቼስ? እናቴ ክረምት በመጣ ቁጥር ከሚያፈሰው ጣራ ስር ጎድጓዳ ሳህን ስታዞር ታድራለች። እኔ እዚህ የሰው ክር ስቀጥል ዕድሜዬ ተበጠሰ።»

«አብረን እንቀጥለዋ።»

«አብሽሪ ቧንቧዬ። ሁለት ዓመት ምን አላት? ስመጣ አልጫ አድርገሽ ትሠሪልኛለሽ።»

ይህን ብላ ትልቅ ጉርሻ አጎረሰችኝ። አፌ ሞላና ልመናዬ እዚያው ቀረ። ሆጤ «እመብርሃን ትከተልሽ» አለችና ፊቷን ወደ በሩ አዞረች።

ጠዋት ስንነቃ ፍራሿ ተጠቅልሎ ግድግዳ ተደግፏል።

ክረምቱ ሲገባ አብሯት የወጣ የአገሯ ልጅ ተመልሶ ለእናቷ ነገራቸው። ጀልባዋ መሐል ባሕር ላይ ተገልብጣለች። አገሯ ቢስቲማ ድረስ ሄደን አለቀስን። መቃብር የሌለው ለቅሶ ግን ማለቂያው አይታወቅም፤ ሰው ከየት ተመለስኩ ይበል? እናቲቱ በየመሐሉ «ልጆቼ፣ ምን አብልታችሁ ሸኛችኋት?» እያሉ ይጠይቁን ነበር።

ከዚያ ወዲህ አንዳችንም ሱፍ ገዝተን አናውቅም ነበር። ቤት ይዘን፣ ልጅ ወልደን፣ ደሴ ላይ ስንገናኝ ስለ ሁሉ ነገር እናወራ ነበር፤ ስለዚያ ማዕድ ግን ዝም። ሆጤ አምና አረፈች። ዛሬ ገበያ ውስጥ ሱፍ ሳይ እጄ አላልፍ አለኝ።

አሁን አዛን ብሎ አፈጠርኩ። ትሪው ፊት ብቻዬን ተቀምጬ፣ ሳልቀምስ ጨው ያደረግሁበትን ፍትፍት ጎረስኩ። ጨዉ ልክ ነው። ከእኔ በኋላ እጇን የከተተችበት የለችማ።

ተነሣሁና ጨው ጨመርኩ፤ ለቢስቲማ። ደግሜ ጨመርኩ፤ ለሆጤ። ከዚያ ተመልሼ ተቀመጥኩና፣ ውሃ ሳልቀዳ፣ ጨረስኩት።