ቆርቆሮውን የበሳው ሰው

ከአንገር ጉቲን የመጣው ጠጋኝ ጃኬቱን በሲባጎ ታጥቆ ኮርኒስ ውስጥ ገባ። መምህርት ሂሩት በተከራየችው ቤት ሻጋታው ልጇን ማሳል ካስጀመራት ሁለት ክረምት አለፈ። አከራይን ታውቁታላችሁ፤ መድኃኒቱ ሁሉ ቀለም ነው።

«ያ ጃላ፣ ወዳጄ፣ ቀባውና ውረድ!» አሉ አከራዩ ኦቦ ጂሬኛ ከታች።

«የሻወሩ እንፋሎት ማውጫ ቱቦ ኮርኒሱ ውስጥ ነው የቀረው፣ ጌታው። ጣሪያውን ሳልበሳ አልወርድም።»

«ቆርቆሮዬን? ዝናብ ልታስገባብኝ?»

«ዝናቡማ ከውስጥ እየዘነበ ነው» አለ ድምፁን ሳይለውጥ። ከዚያም በሳው።

ሲወርድ ፊቱ ላይ ደስታም ድካምም አልነበረም። ሂሩት ስታመሰግነው እንኳ ቀና አላለም።

«እስኪደርቅ ልጅቱን ከዚህ ክፍል አውጫት፣ እቴ» አላት መዶሻውን እየጠረገ። «እኔ የኔዋን ዘግይቼ ነው ያወጣኋት።»