የካሜራው ጾም

ለእቴ ሐሊሜ ትእዛዝ የሚሰጥ ሰው ይጠንቀቅ፤ ከታዘዙት አስበልጠው ነው የሚያደርጉት። አንድ ኪሎ ጨው ሊገዛ የገባ ገበሬ ጨውንም፣ ለታመመ በሬው ምክርንም፣ ሴት ልጁን ከትምህርት ቤት እንዳያስቀር ቁጣንም ይዞ ይወጣል። ሱቃቸው ሰቆጣ ገበያው ዳር ነው። እኔ በረንዳቸው ላይ የስፌት መኪናዬን ዘርግቼ ልብስ መስፋት ከጀመርሁ ዓሥራ አንድ ዓመቴ ነው፤ ወደድሁም ጠላሁም የማልሰማው ወሬ የለም።

እናቴ ይመኙሻል ደግሞ ከእርሳቸው ጋር በአንድ ግቢ ስትኖር አርባ ዓመት አለፋት። አንዷ ለመስጊድ፣ አንዷ ለቤተ ክርስቲያን ይነሣሉ፤ በተረፈው ሰዓት ይጨቃጨቃሉ። በአንድ ነገር ብቻ ተጨቃጭቀው አያውቁም። በረመዳን እናቴ እርሳቸው ፊት ጉሮሮዋን ውሃ አታስነካም፤ በሁዳዴም እርሳቸው እስከ ዘጠኝ ሰዓት እናቴ ፊት ምንም አይቀምሱም። ያዘዛቸው የለም። ነውር ነው፣ አለቀ።

ካቻምና ክረምት ላይ እቴ ሐሊሜ መድከም ጀመሩ። ከጋዝጊብላ በእግሩ የመጣ ደንበኛ ቆሞ፣ እርሳቸው ተቀምጠው ማስተናገድ ሆነ። ፊታቸው ገረጣ። ደም አንሷቸዋል ተባለና ሁለት ጊዜ ደም ተሰጣቸው፤ የተሰጣቸው ደም ግን የት እንደሚገባ ጠፋ። ካሜራ በጉሮሮ ወረደ፣ በታች በኩልም ገባ፣ ምንም አልተገኘም። የቀረው ሁለቱም የማይደርሱበት ቀጭኑ አንጀት ነው ተባለ። እኔ ፈርቼ ነበር። እናቴማ ከእርሳቸው ጋር መጨቃጨቅ ተወች።

አምና መጋቢት ላይ አንድ ሐኪም ከአዲስ አበባ ከተማችን ወዳለ የግል ክሊኒክ ለሦስት ቀን እንደሚመጣ ተሰማ። የሚዋጥ ካሜራ ይዟል። የባቄላ ፍሬ የሚያህል ክኒን ነው፤ መብራቱን አብርቶ አንጀት ለአንጀት እየሄደ ያየውን ሁሉ ወገብ ላይ ለታሰረ መሣሪያ ይልካል። ለእቴ ሐሊሜ አንድ ተያዘላቸው፤ ትርፍ የለም። አንጀታቸው ካልጸዳ ግን ካሜራው ምግብ ብቻ አይቶ በከንቱ ያልፋል፣ ሐኪሙም ሻንጣውን ይዞ ይሄዳል።

ሲስተር ብርሃን የምትባለው ነርስ የዝግጅቱን ነገር በወረቀት ጽፋ ሰጠቻቸው። ደም የሚያበዛው ክኒን ከሳምንት በፊት ይቁም። የዋዜማው ዕለት ምግብ የለም፤ ውሃ፣ ወተት የሌለው ሻይ፣ የጠለለ ሾርባ፣ የማር ውሃ ብቻ፣ እርሱንም በብዛት። ከቀኑ ስድስት ሰዓት ጀምሮ የማጽጃው ዱቄት በሁለት ሊትር ውሃ ተበጥብጦ በየሩብ ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ይጠጣል። ይህን ሁሉ አስረድታ ሲያበቃ በአንድ ቃል አበላሸችው፤ ባጭሩ ጾም ነው አለቻቸው።

እቴ ሐሊሜ፣ ስለ ጾም ለእኔ ይነገራል ወይ ብለው ወረቀቱን አጣጥፈው ደረታቸው ውስጥ ከተቱት።

ዋዜማው ሲደርስ ረመዳን ካለቀ ሳምንት አልሞላውም፤ እርሳቸው ከበዓሉ በኋላ በፈቃድ የሚጾመውን የሸዋል ስድስት ቀን ይዘዋል። የሐኪሙንም የሸዋሉንም በአንድ ላይ ልጨርሰው ብለው በልባቸው ቆረጡ። ለእኔ አንዲት ቃል አልተነፈሱም።

በስድስት ሰዓት እናቴና እኔ ዱቄቱን መጠጣት ጀምረው እንደሆነ ልናይ ገባን። መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል፣ ከንፈራቸው ደርቋል። ዱቄቱ የተበጠበጠበት ጆግ ሞልቶ ሰሐን ተከድኖበታል። ለምን አልጠጡም ስላቸው ኮራ ብለው፣ ለመግሪብ ነው ያዘጋጀሁት፣ ፀሐይ ስትጠልቅ በእርሱ እገድፋለሁ አሉኝ። ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ አልቀመሱም። ጠጡ የተባሉበትን ጠዋት ሙሉ ደርቀው አርፍደዋል። የባሰው ደግሞ ጎህ ሳይቀድ የበሉት ነው፤ ቂጣ በተልባ። ተልባ አንጀት ያለሰልሳል፣ ሐኪሙን ላግዘው ብዬ ነው አሉ።

ስልክ ደወልሁ። ሲስተር ብርሃን ተልባ የሚለውን ቃል ስትሰማ ደግማ አስጠራችኝ። ፍሬው አንጀት ላይ ተለጥፎ ይቀራል፤ አሁኑኑ ካልጀመሩ ካሜራው የሚያሳየን ተልባ ነው አለች። አንድ እሽግ ዱቄት ጨምራ እንደምትልክ፣ አቅማቸው ስለደከመም ለደቂቃ ብቻቸውን እንዳይተዉ ነገረችኝ። ቀጠሮ መለወጥ አይቻልም፤ ሐኪሙ ከነገ ወዲያ ይሄዳል።

ጾሜን አልፈታም ብለው የሚሟገቱ መስሎኝ ነበር። አልተሟገቱም። የሸዋሉ በፈቃድ ነው፣ በሽተኛንም አላህ አላስጨነቀም፣ ሌላ ቀን እተካዋለሁ ብለው ብርጭቆውን አነሡ። ከንፈራቸው ጋ አድርሰው ግን መልሰው አስቀመጡት። እናቴን እያዩ ነው። ሁዳዴ ነው፣ እናቴ አልቀመሰችም። ውጪልኝ አሏት፤ አልወጣም አለች። እኔ ልቅር እንዳልል እኔም ጿሚ ነኝ።

«ይመኙሻል፣ አርባ ዓመት ያላደረግሁትን ዛሬ አላደርገውም» አሉ እቴ ሐሊሜ። «ዘጠኝ ሰዓት ይድረስ።»

«ዘጠኝ ሰዓት እስኪደርስ ተልባሽ ቆሞ ይጠብቅሻል?»

እቴ ሐሊሜ ብርጭቆውን በጣታቸው ገፋ አደረጉት። ከእልህ የሚመጣ ሞኝነት አይቻለሁ፤ ይህ ግን ከፍቅር የመጣ ስለነበር የባሰ አናደደኝ።

እናቴ ወባ ይዟት እንኳ በሁዳዴ ከዘጠኝ ሰዓት በፊት ክኒን ያልዋጠች ሴት ናት። ከጀሪካኑ ውሃ ቀዳች፣ አማተበች፣ እስከ መጨረሻው ጠጣችው። አፏን በነጠላዋ ጠረገች።

«በይ፣ ጠጥቻለሁ። አሁን ነውር የለም» አለቻቸው፤ እኔንም ወደ ደጅ ገፋችኝ።

እቴ ሐሊሜ አለቀሱ። እያለቀሱም ጠጡ፤ የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሳያርፉ ጨለጡት። ጨው የገባበት ሎሚ ይመስላል አሉ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሳቅ ነው። የግቢው ሽንት ቤት የሦስት ቤተሰብ ነው፤ እናቴ በሩ ላይ በርጩማ አውጥታ ዘበኛ ሆነች። ተከራያችን መምህር ይግዛው ሁለት ጊዜ መጥቶ ሁለት ጊዜ ተመለሰ፤ በሦስተኛው ወደ ትምህርት ቤቱ ሮጠ። እቴ ሐሊሜ ዱቄት፣ የማር ውሃ፣ ሻይ፣ ደግሞ ዱቄት እያሉ ሲመላለሱ፣ ሱቄ እንዲህ ያለ ገበያ አይቶ አያውቅም እያሉ ይቀልዱ ነበር። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሲስተር ብርሃን ደውላ የሚወጣው ምን እንደሚመስል ጠየቀች። እናቴ ስልኩን ነጠቀችኝና እንደ ምንጭ ውሃ ጠርቷል አለቻት፣ በኩራት፣ ራሷ የወለደችው ይመስል።

በማግስቱ ክኒኑን ውጠው፣ መሣሪያውን ታጥቀው ሱቃቸው ተቀመጡ። ካሜራ ውጫለሁ ብለው ለሁሉ ስላወሩ፣ የገባው ሰው ሁሉ ፊታቸው ሲደርስ ነጠላውን ያስተካክል ነበር።

ውጤቱ በሦስተኛው ቀን፣ ሐኪሙ ሊሄድ ሲል ተነገረ። ሐኪሙ አንጀታቸው የጸዳ በመሆኑ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ታየኝ አለ። ለወገባቸው ብለው በየቀኑ የሚውጡት የሕመም ማስታገሻ አንጀታቸውን ሦስት ቦታ አቁስሎታል፤ ደሙ የሚፈሰው ከዚያ ነው። ክፉ የፈራነው ነገር የለም። ማስታገሻው ይቁም፣ ደም የሚያበዛው ይቀጥል፣ ይድናሉ አለ። እናቴ ክሊኒኩ መሐል እልል አለች። እኔ ደግሞ ፊቴን አዙሬ አለቀስሁ።

እናቴ ግን የውሃዋ ነገር ከንክኗት ለንስሐ አባቷ ለአባ ገብረ ኢየሱስ ተናዘዘች። እርሳቸውም ለበሽተኛ ብለሽ ያደረግሽው ነውና አይከብድም፣ ሃምሳ ስገጂ አሏት። ሃምሳ ስግደት ለእናቴ ጉልበት ቀላል አይደለም። ሁዳዴው ሊያልቅ ሲል አንድ ቀን ግቢው ውስጥ ሰሌን አንጥፋ ጀመረች። እቴ ሐሊሜ መቁጠሪያቸውን ይዘው፣ ሳይጠሩ መጥተው አጠገቧ ቆሙ፤ እኔ እቆጥርልሻለሁ አሉ። እናቴ አርባኛው ላይ ጉልበቷን ይዛ ስትነሣ፣ ሃምሳ ሞላ፣ ቁጭ በይ አሏት።

«ዓሥሩን የት አደረስሽው?» አለች እናቴ።

«እርሱ የእኔ ነው። ያጠጣሁሽ እኔ ነኝ።»

እናቴ ነጠላዋን አጠበቀችና ዓሥሩን ቀጠለች። እቴ ሐሊሜ ግትር፣ ደረቅ እያሉ እየሰደቧት፣ በየስግደቱ ጎንበስ ብለው በሁለት እጃቸው ከመሬት አነሷት። ዓሥር ጊዜ አነሷት፣ አንድ ጊዜ እንኳ አላለከለኩም።