የመጀመሪያዋ ዳቦ የጋጋሪው ናት

በ1973 ዓ.ም. ነው። ሃያ ዓመቴ ነበር። ከደጋው ከኦቾሎ ወርጄ፣ ሲቀላ በሚባለው የታችኛው ከተማ አንድ ዳቦ ቤት በር ላይ ቆምኩ። አባቴ ሸማኔ ነው። እኔ ግን እግሬን ጉድጓድ ውስጥ ሰድጄ ቀኑን ሙሉ መወርወሪያ መወርወር አልሆነልኝም። እምቢ ብዬ ወጣሁ።

የዳቦ ቤቱ ጌታ ጋሽ ወንድሙ ይባላል። ከላይ እስከ ታች አየኝ።

«ምን ትፈራለህ?» አለኝ።

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው ብዬ፣ «ምንም አልፈራም» አልኩት።

«እንግዲያው ሂድ፤ አትሆነኝም።»

አልሄድኩም። ደጃፉ ላይ ተቀመጥኩ። የሲቀላን ፀሐይ ታውቁታላችሁ። ሲበረታ ጋሽ ወንድሙ ወጣና «አሁንስ?» አለኝ።

«አሁን ርሀብ እፈራለሁ» አልኩት። ሳቀና አስገባኝ።

ያን ቀን እንጨት ተሸከምኩ፣ ዱቄት ነፋሁ። የመጀመሪያው ዙር ዳቦ ከምድጃው ሲወጣ ጋሽ ወንድሙ አንዷን አንስቶ ቆረሰ። ግማሹን በላ፤ ግማሹን ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ዱቄት ጆንያ ላይ ተቀመጠ። ሰው በሩን እየደበደበ ይጮሃል፤ እሱ ንቅንቅ አይልም።

«ጋሼ፣ ምን እንጠብቃለን?» አልኩት።

«ሆዳችንን» አለኝ።

ነገሩ ቀልድ አልነበረም። ልጅ ሆኖ በእናቱ አገር እንክርዳድ የገባበት ስንዴ ለድግስ ተጋግሮ፣ እንግዳው ሁሉ ዞሮበት ሲወድቅ አይቷል። ስለዚህ በእሱ ቤት ሕጉ አንድ ነው። የመጀመሪያዋ ዳቦ የጋጋሪው ናት። ሁለተኛው ዙር እስኪወጣ ድረስ የመጀመሪያው አይሸጥም። «ጠላ የሚጠምቅ ይድፈር፤ ዳቦ የሚጋግር ይፍራ» ይል ነበር።

እንጨት ተሸካሚ ነበርኩ፣ አቡኪ ሆንኩ፣ ቆይቼ ሊጥ ቆራጭ፣ በመጨረሻ ጋጋሪ ሆንኩ። ጋጋሪ ማለት ምድጃው አፍ ላይ የሚቆመው ነው። ከዚያ በላይ ሹመት የለም። የማቡኪያ ማሽን የመጣው ብዙ ቆይቶ ነው፤ እስከዚያ በእጅና በክንድ ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው። ብዙም አልገፋሁበትም። ሊጥ ግን በጣቴ ስነካው ምን እንደጎደለው ይነግረኛል።

የሰፈር ሴቶች ይመጡ ነበር። «ጋሽ ባሳ፣ ድፎዬ ላዩ አሮ መሃሉ ሊጥ ሆነብኝ» ትለኛለች አንዷ። «እሳት አበዛሽ። ሰው ሊመጣ ነው ብለሽ ቸኮልሽ» እላለሁ። «አንተ ደግሞ እንዴት አወቅህ?» ትለኛለች። ድፎ የሚበላሸው ሁልጊዜ እንግዳ በር ላይ ሲቆም ነው፤ ለዚህ ጥንቆላ አያስፈልግም።

ጋሽ ወንድሙ ሞተ። ቤቱ ለልጁ ለአስቴር ተረፈ። አስቴርን ዱቄት ጆንያ ላይ ስትተኛ ነው የማውቃት። ሥራ ወዳድ ናት፤ ክፉ ሰው አይደለችም። ዳገቱ ላይ፣ ሴቻ በሚባለው የላይኛው ከተማ ደግሞ ምግብ ቤት ከፈተች። ከማንጎው ዛፍ ሥር ጠረጴዛ ደረደረች። ቁልቁል የአባያ ሐይቅ ይታያል። ቢራ የለም፤ ዥዋዥዌ አለ። እሁድ ከቸርች መልስ ቤተሰብ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። አሳው እዚያው ይጠበሳል፣ ሾርባው እዚያው ይሠራል። ዳቦው ግን ከታች፣ ከእኔ ምድጃ፣ በባጃጅ ይወጣል።

አንድ ጊዜ የሠርግ ዳቦ አስቀረሁ። የመጀመሪያዋን በልቼ ስቀመጥ ሆዴ ተገለባበጠ። አይወጣም አልኩ። ሠርገኛው ያለ ዳቦ ዋለ። በኋላ ሲታይ ዳቦው ንጹሕ ነው፤ ማታ የበላሁት ዳጣ፣ ያ የቃሪያ ድልህ ነው ያቃጠለኝ። ከዚያ ወዲህ ባጃጅ ነጂው ምናሴ «ጋሽ ሆዴ» የሚል ስም አወጣልኝ። መንገድ ላይ ሳይቀር «ጋሽ ሆዴ፣ ዛሬ ሆድዎ ምን አለ?» ይለኛል።

አስቴር ጠራችኝ። «ጋሼ፣ የአባቴን ሕግ አከብራለሁ። ግን ላንተ ሆድ ብዬ ደንበኛ አላጣም። ከዛሬ ጀምሮ ዳቦው እንደወጣ ትኩሱን ይሂድ።»

«አንቺ ልጅ፣ አባትሽ...»

«ልጅ አይደለሁም፤ የቤቱ ባለቤት ነኝ።»

የመጀመሪያዋን ዳቦ መብላት አልተውኩም። መጠበቁ ግን ቀረ። ዳቦው ሲሄድ እኔ ብቻዬን ጆንያው ላይ ተቀምጬ ሆዴን አዳምጣለሁ። ይህ ነገር ያስፈራኝ ነበር። ዳቦው ከሄደ በኋላ መፍራት ምን ይጠቅማል?

የስንዴ ዱቄት የተወደደ ጊዜ አስቴር የካሳቫ ሥር ዱቄት እንቀላቅል አለች። እኔ ደጋ ተወልጄ ካሳቫን በእርጅናዬ ነው ያወቅሁት። ጠላሁት። ሊጡ አይሳብም። ዳቦው እንደ ተረከዝ ይሰነጠቃል። እየቆየሁ ግን ለመድኩት። ከሦስት እጅ ስንዴ አንድ እጅ ካሳቫ፤ ውሃ ቀነስ፣ እርሾው ረዘም ያለ ጊዜ፣ እሳቱ ለዘብ። ከዚያ በላይ ካበዛህ ጡብ ነው የምትጋግረው።

ዱቄቱን የምታመጣው በአባያ በኩል ያለች ወይዘሮ አማረች ናት። በዓይኔ ካላየሁ አልጋግርም ብዬ ቤቷ ሄድኩ። ካሳቫውን ልጣ በርሜል ውሃ ውስጥ ዘፍዝፋዋለች። ውሃው አረፋ ደፍቶ ይሸታል። አፍንጫዬን ያዝኩ።

«እንዲህ እየከረፋ ነው ሰው የሚበላው?» አልኳት።

«ካልሸተተ አልሞተም» አለች።

«ምኑ?»

«መርዙ ነዋ! ይሄ ያልተዘፈዘፈ እንደሆነ ሰው ይጥላል። ታጥቦ ፀሐይ ላይ ከደረቀ ግን ምንም አይልም።» እንዲህ ብላ ሳቀችብኝ። «ምነው ደነገጥክ? እናቶቻችን ሲያበሉን ነው ያደግነው።»

እሷ ሳቀች እንጂ እኔ ከዚያ ቀን ጀምሮ ጆንያውን በከፈትኩ ቁጥር መጀመሪያ አሸትተዋለሁ። ኮምጠጥ ያለ ሽታውን ሳገኝ ነው ትንፋሽ የማወጣው።

ዝናብ የበዛበት ክረምት መጣ። አንድ ቅዳሜ አዲስ ጆንያ ገባ። እሁድ ጠዋት ከፍቼ አሸተትኩ። ሽታ የለውም።

«ምናሴ፣ ይሄ ዱቄት አይሸትም» አልኩት።

«ጎሽ! ይሄን ሁሉ ጊዜ ሽታውን ሲረግሙ አልነበር?»

ለአስቴር ደወልኩ። «ዱቄቱ ከአማረች ቤት ነው የመጣው ጋሼ፣ ሌላ ሰው አይደለም። ዛሬ የቸርቹ የልጆች መዘምራን ምሳ አላቸው፤ እንዳታዋርደኝ» አለች። የመዘምራኑን ነገር አውቃለሁ። የልጄ የማርታ ልጅ ሐና ከእነሱ ጋር ናት። ስድስት ዓመቷ ነው። ከዋዜማው ጀምሮ ነጭ ቀሚሷን አላወልቅም ብላ አስቸግራለች።

ጋገርኩ። ዳቦው አምሮ ወጣ፤ እንዲህ ነጭ ሆኖ አያውቅም። የመጀመሪያዋን ቆርሼ በላሁ። ስውጠው ከምላሴ ሥር መረረኝ። ምናሴ ቅርጫቱን ጭኖ ሞተሩን አስነስቷል።

«ቆይ!» አልኩት። «ሁለተኛው ዙር እስኪወጣ ብቻ ቆይ።»

«ጋሽ ሆዴ ጀመረ!» ብሎ ስልኩን ወደ አስቴር መታ። ድምጿ ከውስጡ ይሰማኛል። «ይሂድ። ጋሼ ይበቃል። ቸርች ነኝ፤ የመጨረሻው ጸሎት ሊጀመር ነው፣ ስልኬን ልዘጋ ነው።» ሄደ።

ጆንያው ላይ ተቀመጥኩ። ሁለተኛው ዙር ከመውጣቱ በፊት አፌን ውሃ ሞላው። ጭንቅላቴ ከበደኝ። የምድጃው አፍ ወዲያና ወዲህ የሚል መሰለኝ። ፍርሃትም እንዲህ ያደርጋል፣ አውቃለሁ። የሠርጉን ቀን አስታወስኩ። ደግሞ ዳጣ ቢሆንስ? ማታ ዳጣ አልበላሁም። ወጥቼ አስታወክሁ። ለአስቴር ደወልኩ፤ ስልኳ ዝግ ነው። ለማርታም ለምናሴም ደወልኩ፤ አይነሳም።

ሽርጤን ሳልፈታ ሚኒባስ መያዣው ጋ ሮጥኩ። መኪናው ግማሽ ነው፤ ሳይሞላ አይነሳም። ረዳቱ «ሴቻ! ሴቻ!» እያለ ይጮሃል። ክንዱን ያዝኩት። «ንዳ በለው! አሁን!»

«አባት፣ ለቅሶ ነው እንዴ?»

«እንዳይሆን ነው» አልኩት። ፊቴን አየና የመኪናውን ጎን በመዳፉ መታ። ተነሳን። ዳገቱን ስንወጣ በመስኮት አባያ ይታያል፤ ቀይ ሆኖ ተኝቷል። ስንቱ ልጅ በልቶ ይሆን እያልኩ በልቤ ቆጠርኩ፤ መቁጠሩ ሲያስጨንቀኝ ተውኩት።

ስደርስ ልጆቹ ረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ናቸው። አሳው ገና አልቀረበም። ዳቦው ቀርቧል። ርቦት የመጣ ልጅ ምን እንደሚያደርግ ታውቃላችሁ። ቅርጫቱን አነሳሁ። ከአንዷ እጅ ነጠቅሁ፤ አለቀሰች።

«ዳቦውን አትብሉ! ወላጆች፣ ዳቦውን አታስበሉ!»

አንዱ አባት፣ «ሽማግሌው ጠጥተዋል እንዴ?» አለ። ሴቶቹ ሳቁ። አስቴር ከኩሽና ብቅ አለች፤ ፊቷ ቀላ።

«ጋሼ፣ ስለ እግዚአብሔር! በሰው ፊት? ምንም የለውም፣ ይኸው እኔ ልብላ» ብላ አንድ ዳቦ ልትገምጥ ስትል መታሁት፤ ከእጇ ወደቀ። በጋሽ ወንድሙ ልጅ ላይ እጄን ያነሳሁት ያን ቀን ነው።

አስቴር ትኩር ብላ አየችኝ።

«ጋሼ... ላብህ» አለች። «አስታወከህ እንዴ?»

አዎ ብዬ ራሴን ነቀነቅሁ። ከዚያ በኋላ ሌላ ቃል አልጠየቀችኝም። ሁለተኛውን ቅርጫት ራሷ አነሳች። ከወላጅ ወላጅ እየዞረች «ልጅዎ በልቷል? ስንት?» እያለች ጠየቀች። የሳቀ ሰው አልነበረም። አብዛኞቹ ልጆች ዥዋዥዌው ላይ ቆይተው ገና መቀመጣቸው ነበር፤ ቆንጥረው ነው የቀመሱት።

ሐና ሽርጤን ሳበችኝ። «አባባ፣ እኔ ሁለት በላሁ። ያንተ ዳቦ ነው ብዬ ለሁሉም ነገርኳቸው።»

አንስቼ ለእናቷ አስታቀፍኳት፤ ወደ ሐኪም ቤት ከነፍን።

ሐኪም ቤት ሳንደርስ ሐና በማርታ እቅፍ ውስጥ አስታወከች። ዓይኗ ይከደናል፤ እንጠራታለን፤ ይከፈታል፤ ተመልሶ ይከደናል። ሐኪሙ ምን እንደበላች ጠየቀ። ካሳቫ ስለው ነገሩን ያውቀዋል፤ ፊቱ ተለወጠ። ጉሉኮስ ሰካላት። ሌሎቹም ልጆች ተራ በተራ መጥተው ታዩ፤ ደህና ናችሁ፣ ግን አትራቁ ተባሉ።

«የእኔስ?» አለች ማርታ።

«ይጠበቃል» አለ።

መጠበቅ የኖርኩበት ሥራ ነው። የራስን ሆድ መጠበቅና የልጅን ትንፋሽ መጠበቅ ግን አንድ አይደለም። ማርታ አልተቆጣችም፤ ብትቆጣ ይሻለኝ ነበር። አስቴር ወደ ውስጥ መግባት ፈርታ በሩ ላይ ቆማለች። ዝናቡ ጣሪያውን ይደበድባል። ሐና ደረት ላይ ያለው ነጭ ጨርቅ ከፍ ይላል፣ ዝቅ ይላል። ዓይኔን ከእሱ አላነሳሁም። ትንሽ ሲዘገይ እኔም ትንፋሼን እይዛለሁ።

ዝናቡ ካባራ በኋላ ዓይኗን ገለጠች። አየችኝ።

«አባባ፣ አሳዬን ማን በላው?»

ማርታ ያን ጊዜ ነው ያለቀሰችው። አስቴር በሩ ላይ ቁጭ አለች።

ምናሴ አማረች ቤት ደርሶ መጣ። አማረች በወባ ተኝታለች። ዱቄቱን ያዘጋጀችው ምራቷ ናት፤ ከደጋ፣ ከጨንቻ በኩል፣ በቅርቡ የተዳረች ልጅ። ዝናብ ስለሆነ ካሳቫውን ልጣ፣ ከትፋ፣ ሳትዘፈዝፍ እሳት ላይ አድርቃ አስፈጨችው። «እኛ አገር ያለው እንሰት ነው። ይሄ እንደ ድንች መስሎኝ፣ ሽታው እንዳያስጠላችሁ ብዬ» እያለች ታለቅሳለች አለ። ልረግማት አልቻልኩም። ከደጋ የወረድኩ ለታ እኔም እንደ እሷ ነበርኩ።

ለሥራ ባልደረቦቼና ለሚተኩን ልጆች የምለው አጭር ነው። የምትጋግሩትን መጀመሪያ ብሉ። በልታችሁ ጠብቁ። ቢስቁባችሁም ጠብቁ። አንድ ጊዜ ተሳስታችሁ ብታውቁም ጠብቁ።

በማግስቱ ጠዋት እንደ ልማዴ ምድጃውን አነደድኩ። የተረፈውን ካሳቫ ጉድጓድ ውስጥ ደፍቼ አመድ አለበስኩት። ንጹሕ ስንዴ አቡክቼ ጋገርኩ። የመጀመሪያው ዙር ሲወጣ አስቴር ከኋላዬ ቆማለች፤ ስትገባ አልሰማኋትም። ምናሴም ባጃጁን አጥፍቶ ገባ። ጡሩንባም አላሰማም፣ ጋሽ ሆዴም አላለኝም። የመጀመሪያዋን ዳቦ ሦስት ቦታ ቆረስኳት። በልተን ጆንያው ላይ ተደርድረን ተቀመጥን። በሩ ላይ ሰው ይጮሃል።

«ምን እንጠብቃለን?» አለ ምናሴ፣ ቀስ ብሎ።

አስቴር ናት የመለሰችለት። «ሆዳችንን» አለችው።

ሁለተኛው ዙር ሲወጣ ተነሳሁና በሩን ከፈትኩ።