የተተረተረው እጅጌ

ሐኪም ተስፋ የቆረጠባቸው ሰዎች ያለ ስቃይ እንዲያልፉ በሚታገዙበት ቤት፣ ማኅበራዊ ሠራተኛዋ ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርታለች። ሥራዋ መርፌ መውጋት አይደለም፤ የተኳረፈን ማስታረቅ፣ የተደባበቀን ማነጋገር ነው። የዛሬውን ቀን ግን የጀመረችው አፏ ላይ ሁለት መቆለፊያ አንጠልጥላ ነው።

አንዱን ያንጠለጠለው አራት ቁጥር ክፍል የተኙት የልብስ ሰፊው የበኩር ልጅ ነው። “አባባ እንደማይድን እንዳይሰማ፤ በድንጋጤ ይሞትብኛል” ብሎ አስምሏታል። በካንሰር የሚሞተው ሰው በድንጋጤ እንዳይሞት መሆኑ ነው! ሁለተኛውን ያንጠለጠሉት ራሳቸው ልብስ ሰፊው ናቸው። “ማወቄን ልጄ እንዳያውቅ፤ አንጀቱ አይችልም።”

አባትና ልጅ እንዲህ ሲተዛዘኑ፣ ሩቅ ከተማ የምትማረው ትንሿ ልጅ ምንም አልሰማችም። ፈተናዋ ሊያልቅ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ለአባቷ የቀራቸው ግን፣ ነርሷ እንደምትለው፣ ቢበዛ አራት ቀን ነው። ሽማግሌው ደግሞ ከዚህ ዓለም የሚፈልጉት እሷን ማየት ብቻ ነው።

ገና ቦርሳዋን ሳታስቀምጥ ኃላፊው ቅጽ ይዞ ከተፍ አለ።

“‘ቤተሰቡ በግልጽ ተወያይቷል’ የሚለው ባዶ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምልክት አድርጊበት።”

“አልተወያዩም እኮ።”

“አንቺ ምልክቱን አድርጊ፣ እነሱ ይደርሱበታል።”

ባለፈው ወር ስለ ግልጽነት ሁለት ቀን ሙሉ፣ በር ዘግቶ፣ ያሠለጠናቸው ይኸው ሰው ነው።

ልጁን ኮሪደር ላይ ያዘችው። አዲስ ጫማ ታቅፏል፤ አባቱ ሲነሡ የሚያደርጉት። እግራቸው አብጦ ካልሲ እንኳ እምቢ ካለ ሳምንት አልፎታል።

“ወንድሜ፣ ለእህትህ ዛሬውኑ ደውልላት።”

“ፈተናዋስ?”

“ፈተና ይደገማል።”

“ድንገት ብትመጣ አባባ ይጠረጥራል። ተይው እህቴ፣ ዝም አይነቅዝም።”

እውነት ነው፣ ዝምታው አይነቅዝም፤ የሚነቅዘው ሰውየው ነው። ይህን ግን ዋጠችው፤ እንዲህ ያለ ምላስ በሥራ ሰዓት አይፈቀድም። ለመነችው፣ ተቆጣችው፣ ደግማ ለመነችው። እኩለ ቀን ላይ “እሺ በቃ!” ብሎ አባቱ አልጋ ጠርዝ ላይ ተቀመጠና ደወለ።

“አለሽ? አባባ? ኧረ በጣም ተሽሎታል! ጫማ ሁሉ ገዝቼለታለሁ።” ስልኩን ለሽማግሌው አቀበለ።

ማኅበራዊ ሠራተኛዋ በዐይኗ ለመነቻቸው። አንዲት ቃል ትበቃለች፤ “ነይ”።

“የኔ እመቤት፣ ደህና ነኝ” አሉ። “ፈተናሽን ጨርሺ። ምን ያስቸኩልሻል?”

ልጁ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። “ውሃ ላምጣ” ብሎ ወጣ፣ ውሃው ጠረጴዛ ላይ ሞልቶ ሳለ። ማኅበራዊ ሠራተኛዋ መሐላዋን በልታ ስልኩን መንጠቅ ትችል ነበር። ግን ሞቱ የሳቸው ነው፤ ዝምታውም የሳቸው።

“ምነው ልጄ፣ ፊትሽ ያልተተኮሰ ጨርቅ መሰለ?” አሏት ሽማግሌው።

“ቀኔ ተበላሸ አባባ።” ቃሉ ካፏ እንደ ወጣ አፈረች። አራት ቀን ለቀረው ሰው ይህ ይወራል?

“የተበላሸስ ጃኬትሽ ነው። ቀኝ እጅጌው ከግራው ሁለት ጣት ያጥራል። የሰፋልሽ ጠላትሽ ነው?”

“ተሰፍቶ የተገዛ ነው።”

“አምጪው። ሳምንቱን ሙሉ ዐይኔን ሲወጋኝ ከረመ።”

ከትራሳቸው ሥር ትንሽ መቀስ አወጡ። የእጅጌውን እጥፍ አንድ በአንድ፣ ክር በክር ተረተሩት። ግማሽ ሰዓት ፈጀ። የታጠፈው ጨርቅ ተዘርግቶ ሲወርድ እጃቸውም አብሮ ወረደ።

“ነገ ለክቼ እሰፋዋለሁ” አሉ ዐይናቸውን ጨፍነው። “ልጄም ፈተናዋን ጨርሳ ትመጣለች።”

የገረጡትን ጥፍሮቻቸውን አየች። ዐሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ሰውን “እውነቱን ተነጋገሩ” ስትል የኖረች ሴት፣

“እሺ አባባ፣ ነገ” አለች።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ኃላፊው ቅጹን ዘረጋላት። እስክሪብቶ ስታነሣ የተተረተረው እጅጌ ወርዶ ጣቶቿን ሸፈናቸው። ሰብስባ ያዘችውና “አልተወያየም” የሚለው ላይ ምልክት አደረገች።

“ሪፖርቱ ይበላሻል እኮ!”

“ይበላሽ” አለችና ክሩን እያንጠለጠለች ወጣች።